ቆሞ ይጫወት

«በእኔ ዳስ ውስጥ እሱ ወንበር አይሰጠውም። መጫወት ከፈለገ ቆሞ ይጫወት።»

ጊታር መቺው ክፍሉ ይህን ሲሰማ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ግማሹ ገና በሳሙና እንደተሸፈነ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ጡብ ብታክል ነው፤ ግቢውን ታሳያለች። ግቢው ውስጥ የሚስቱ ታላቅ ወንድም መንግስትኣብ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለልጁ ሰርግ ሁለት ትልልቅ ድስቶች ሊወስድ መጥቶ ከእህቱ ከኣኽበረት ጋር በትግርኛ ያወራል። መንግስትኣብ ሃያ ሰባት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽኖች መሀል የኖረ ሰው ስለሆነ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ምስጢር ሲያወራ ሦስተኛው ቤት ይሰማል። ክፍሉ ደግሞ አስመራ ከገባ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ትግርኛ ሲናገር ሰው ስለሚስቅበት ተወው እንጂ መስማቱንስ አሳምሮ ይሰማል። ምላጩን አየር ላይ እንደያዘ ሚስቱ የምትመልሰውን ጠበቀ። ‹ምን አደረገህ?› ብትል፣ ‹ባሌን እንዴት እንዲህ ትላለህ?› ብትል፣ ያም ቢቀር ዝም ብትል ምን ነበረበት! ኣኽበረት ግን «እወ፣ ልክ ብለሃል» አለችና ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው። ክፍሉም አገጩን ቆረጠ።

እንግዲህ አንድ ወንበር ይህን ያህል ያስከፋል ወይ የሚል ሰው በሰው አገር ወንበር ተሰጥቶት የማያውቅ ሰው ነው። ክፍሉ ኣኽበረትን ካገባ ጀምሮ በዚህ ቤተሰብ ሰርግና ክርስትና ላይ ቦታው የታወቀ ነበር። ገና በር ላይ ሲታይ መንግስትኣብ ራሱ እየመራ ከሽማግሌዎቹ መሀል፣ መደገፊያ ካለው ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ሥጋው መጀመሪያ ለእሱ ይቀርባል፤ መጠጡ ሳይጎድል ይሞላለታል። አንድ ሳህን አንስቶ አያውቅም፤ ሊያነሳ ሲሞክር አራት ሰው ተሯሩጦ ይቀማዋል። ያን ሁሉ ዓመት ክፍሉ ይህን እንደ ትልቅ ክብር ቆጥሮት ኖሯል። ነጻነት ከመጣ ወዲህ ባሉት ሃያ ወራት ደግሞ አብረውት ቢራ ይጠጡ የነበሩ ያገሩ ልጆች አንድ በአንድ ሻንጣቸውን እየጫኑ ሲሄዱ፣ እሱ ሚስቱን፣ የመፍቻ ሳጥኑንና የከተማውን መሥሪያ ቤት ሁሉ የጽሕፈት መኪና ጥገና ይዞ ቀረ። ክፉ የተናገረው ሰው የለም። እንዲያውም አዲሶቹ ሹሞች በአማርኛው የጽሕፈት መኪና ላይ የትግርኛ ፊደል እንዲጨምርላቸው ስለሚፈልጉ ሥራው ደርቷል። እና አሁን፣ ሁሉም በሰላም አለፈ ብሎ ትንፋሹን ባወጣበት ሰዓት፣ የገዛ አማቹ ወንበሩን ሊነጥቀው ነው! «ቦታህን እወቅ ማለቱ ነው» አለ ክፍሉ ለመስተዋቱ። አዘነ፤ ቁርስ የማያስበላ ሐዘን ነበር።

አልጫወትም ብሎ መቅረት ደግሞ አይችልም። ያስጠራችው ሙሽራዋ ራሷ ናት። የመንግስትኣብ ልጅ ሄርሞን በአስራ ሰባት ዓመቷ ሜዳ ወጥታ ስምንት ዓመት ታግላ የተመለሰች ልጅ ናት፤ ከሁለት ሳምንት በፊት በፕላስቲክ ጫማዋ ሰተት ብላ መጥታ «ኣያ ክፍሉ፣ ያንተ ጊታር ከሌለ አላገባም» ብላዋለች። በልጅነቷ እሱ ሲለማመድ አልጋው ሥር ተኝታ ታዳምጥ ነበር። እሷን እምቢ ማለት አይሆንለትም። እምቢ ቢልስ ሰዉ ምን ይላል? ‹አማራው ኮርፎ ቀረ› ነው የሚለው። ስለዚህ መቆም አለበት። ችግሩ ግን ክፍሉ ቆሞ ጊታር ከመታ አስራ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ጊታሯ ጣልያን አገር የተሠራች፣ ሆዷ ከዳር እዳር ባዶ የሆነ፣ ደረቷ ላይ እንደ መንጠቆ የተጠማዘዙ ሁለት ረጃጅም ቀዳዳዎች ያሏት ሰፊ ጊታር ናት፤ አገሩ ሊገባ ከተሰናዳ ጣልያናዊ ፀጉር አስተካካይ በመቶ ሰማንያ ብር ገዝቷታል። አስመራ በመጣ በሦስተኛው ወር አንድ ክበብ ውስጥ ቆሞ ሲጫወት፣ ማንገቻውን ከታች የምትይዘው ጥምዝ ሚስማር፣ ቪቴዋ፣ ተነቅላ ጊታሯ አንድ አሜሪካዊ ወታደር ስፓጌቲ ላይ ወደቀች። ወታደሩ ሳቀ፤ ክፍሉ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጭ ብሎ ካልሆነ አልመታም አለ። የቪቴዋ ቀዳዳ ዛሬም እዚያው አለች፤ ዓመት ዓመትን ሲተካ እንጨቱ ደርቆ ትንሽ ጣት ታስገባለች። ሙሽሮቹ ዳስ የሚገቡት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ከግማሽ ቀርቶታል።

ኣኽበረት ወንድሟን ሸኝታ ስትገባ ባሏ ጊታሯን አልጋው ላይ በደረቷ አስተኝቶ የክብሪት እንጨት ሲቆጥር አገኘችው። ክፍሏ አልጋ፣ ቡፌና መሬት ላይ የተደረደሩ አምስት የጽሕፈት መኪናዎች ሞልተዋት በጎን ካልሆነ አታሳልፍም። ኣኽበረት በጎን አለፈች። ዛሬ ፊቷ በርቷል፤ ፀጉሯን ትናንት አሥራ ሁለት ብር ከፍላ ተሠርታለች፣ ሹሩባዋ ያብለጨልጫል። የበራው ፊቷም ክፍሉን አናደደው።

«ወንድምሽ ቆሜ እንድጫወት ይፈልጋል» አለ፣ ቀና ሳይል።

«እህ፣ ታዲያ ልትቀመጥ ኖሯል?»

ከዚህ በኋላ በመካከላቸው የሆነው ዝምታ ነው። እሷ ዝም ያለችው ነገሩ ያለቀ ስለመሰላት ነው፤ እሱ ዝም ያለው ነገሩ የተጀመረ ስለመሰለው ነው። አስራ ሰባት ዓመት የተጋቡ ሰዎች እንዲህ ዓይነት ዝምታ ውስጥ ሲገቡ አንዱ ሌላውን ‹ምን ማለትህ ነው?› ብሎ አይጠይቅም፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ያውቃል ይባላላ። ኣኽበረት የሽንኩርት ጆንያዋን ይዛ ወጣች። ክፍሉ የክብሪት እንጨቶቹን ራስ ራሳቸውን ቆርጦ ነጭ ኮላ ቀብቶ በቀዳዳዋ ጠቀጠቀ፤ ከመሀላቸው ቪቴዋን በካቻቪቴ አጥብቆ አሰረ። ይህ ነገር በደንብ ይይዛል፤ ግን ኮላው እንዲደርቅ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይፈልጋል። ክፍሉ ግማሽ ሰዓት ሰጠው። እንዲፋጠን ብሎም ላምባ ምድጃውን ለኩሶ የጊታሯን ቂጥ እሳቱ ላይ እንደ ሕፃን ያሞቅ ጀመር። ቀለሙ ከዳር በኩል ኩፍ ማለት ሲጀምር ቀማኛ እንደ ደረሰበት ሰው ጮኸና አነሳት። ከዚያ ቪቴዋን በሁለት ጣቱ ሞከራት። ክብሪቶቹን አስከትላ፣ እንደ ተነቃነቀች ጥርስ፣ ሳትለመን ወጣች።

የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ማለት የዓለም ጥቃቅን ቪቴዎች ሁሉ ጌታ ማለት ነው። ክፍሉ ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ ቪቴ መነጽር ሳያደርግ ያስገባል። በገዛ ቤቱ አንዲት ቪቴ እምቢ ስትለው ግን ለማንም ሊናገር አፈረ። ጊታሯን በአንሶላ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ወደ መደበር ወረደ። አስመራ ውስጥ ብረት የሚሞትበትም የሚነሳበትም ቦታ መደበር ነው። በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ የጥይት ሳጥን ባልዲ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል። ጆሮ በሚያደነቁረው የመዶሻ ድምፅ መሀል ሐጎስ የሚባል፣ ክንዱ የክፍሉን ጭን የሚያህል ምድጃ ሠሪ ወዳጅ አለው። ሐጎስ አንሶላውን ገልጦ ጊታሯን አየ፤ እንደ ሐብሐብ በጣቱ አንኳኳት፤ ጆሮውን አስጠጋ።

«ኣያ ክፍሉ፣ ይሄ'ኮ ባዶ ነው!»

«ባዶ መሆን አለበት።»

«ታዲያ በምን ሊይዝ ነው? ቪቴ አየር አይነክስም'ኮ።»

ክፍሉ ከታች በኩል፣ ከውስጥ፣ የክብሪት ሳጥን የምታህል የእንጨት ጉርድ ተለጥፋ እንዳለች፣ ቪቴው የሚነክሰው እሷን ብቻ እንደሆነ፣ እሷም እንዳረጀች አስረዳ። ሐጎስ ጥቂት አሰበና መፍትሔውን ነገረው። ሁለት ጣት ስፋት ያለው ላሜራ ከሆዷ ዙሪያ እንደ በርሜል ቀበቶ ያደርግላታል፤ ከላሜራው ላይ ቀለበት ይበይዳል፤ አለቀ። ሃያ ዓመት አትላቀቅም። መበየጃውን ሊለኩስ ሲል ክፍሉ በሁለት እጁ ያዘው። ተከራከሩ። የአካባቢው ሰዎች ሥራቸውን ትተው ሐሳብ ለማዋጣት ከበቧቸው። አንዱ ሁለተኛ ቀዳዳ ከላይ ከአንገቷ ሥር በትራፓኖ እንብሳ አለ፤ ክፍሉ እንጨቱ እዚያ ጋ እንደ ብስኩት ስስ ነው ብሎ እምቢ አለ፤ የላይኛው ጫፍ ራሷ ላይ በገመድ ይታሰራል እንጂ። በመጨረሻ ሐጎስ ራሱ ትክክለኛውን ነገር ተናገረ። «ቪቴ ይቅር። ብሎን ይሁን። ከውስጥ ወደ ውጭ። ራሱ ውስጥ ይቀራል፣ ውጭ በዳዶ ታስረዋለህ።» ክፍሉ ሊስመው ምንም አልቀረው።

ማሰቡ ቀላል ነበር። እጅ በማትገባበት ቀዳዳ ጣት የሚያህል ብሎን ሰድዶ፣ በጨለማ ሆድ ውስጥ አሻግሮ፣ ታች ያለችውን ጉድጓድ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። ክፍሉ መጀመሪያ በሽቦ ሞከረ። ብሎኑ ከነሮንዴላው፣ ከስስ የብረት ቀለበቱ ጋር፣ ከሽቦው አምልጦ ጊታሯ ውስጥ ወደቀ፤ ኳ አለ። ከዚያ ሐጎስ በአንገቷ፣ ክፍሉ በወገቧ ይዘው ገልብጠው ያራግፏት ጀመር። መጀመሪያ የወደቀው አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ነው። ቀጥሎ የደረቀ በረሮ። ቀጥሎ ክፍሉ ስምንት ዓመት የፈለጋት የክር መምቻ፣ ቀጥሎ የሲኒማ ትኬት ቁራጭ፣ ቀጥሎ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ የጆሮ ጉትቻ። «ኣኽበረት ይህን ታውቃለች?» አለ ሐጎስ፤ መደበር በሳቅ ፈረሰ። ክፍሉ ጉትቻውን በእግሩ አፈር አለበሰው። ብሎኑ መጨረሻ ላይ ወጣ። በዚህን ጊዜ ክፍሉ ወደ ሙያው ተመለሰ፤ ከኪሱ ክር አወጣ፣ ክሩን ከታችኛው ጉድጓድ አስገብቶ በደረቷ ቀዳዳ በቀጭን መንጠቆ ጎትቶ አወጣው፣ ጫፉን ከብሎኑ ጥርስ ላይ አሰረ፣ ከዚያ ከታች እያባበለ ሳበ። ብሎኑ በጨለማው ውስጥ አልፎ አፍንጫውን በጉድጓዷ ብቅ ሲያደርግ ከበው የነበሩት ሰዎች አጨበጨቡ። ሐጎስ ሮንዴላና ሁለት ዳዶ ሰጠው፤ ለሰርግ ነው ብሎ ሳንቲም አልነካም አለ። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኗል።

ማንገቻ ራሱ አልነበረውም። አሮጌው በ1970 ገደማ የኣኽበረትን የከሰል ጆንያ ሲያስር ታይቶ ከዚያ ወዲህ የት እንደገባ አይታወቅም። ቤት ሲደርስ ኣኽበረት አልነበረችም፤ ወጥ ልታወጣ ወንድሟ ቤት ሄዳለች። ክፍሉ ቀበቶውን ሞከረ፤ አጠረ። የመጋረጃ ገመድ ሞከረ፤ አንገቱን ቆረጠው። ከዚያ ዓይኑ ቡፌው አናት ላይ ካለው የሄርሞን ሻንጣ ላይ አረፈ። ልጅቷ ከሜዳ እንደገባች እነሱ ዘንድ ተቀምጣ ስለነበር ጓዟ ገሚሱ እዚያው ቀርቷል። ሻንጣው እንዳይከፈት የታሰረው በክላሽ ማንገቻ ነው። መሣሪያውን ስታስረክብ ማንገቻውን አስቀርታለች። ክፍሉ ፈታው። ሰፊ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ርዝመቱ ይስተካከላል፤ አንዱ ጫፉ ላይ ያለው የብረት ቀለበት ደግሞ ለሐጎስ ብሎን የተሠራ ይመስል ልክክ አለ። በሁለቱ ዳዶ አጠበቀው፤ በፒንሳ ደገመው፤ ጊታሯን በማንገቻው አንጠልጥሎ አወዛወዛት። ተራራ ቢሰቀልበት የሚይዝ ነው። የላይኛውን ጫፍ ከጊታሯ ራስ ጋር የሚያስር ገመድ ሲያጣ ግን የሰርግ ጫማውን የግራ ክር ፈትቶ በእሱ አሰረ። ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ችኮላ ላይ የነበረ ሰው ነው፤ ጧት ሙሉ የታገለው ከታችኛው ጫፍ ጋር ስለሆነም ላይኛው ጫፍ ጠላት መሆን እንደሚችል ትዝ አላለውም።

የመንግስትኣብ ቤት ማይ ጭሆት ነው። ዳሱ ከግቢው አልፎ መንገዱን ይዞ ተዘርግቷል፤ ሰማያዊ ሸራ፣ መሀሉን አንድ ወፍራም ባሕር ዛፍ ደግፎት። የሙሽራው ወገኖች ከዓዲ ኣበይቶ መጥተው በቀኝ በኩል ተደርድረዋል፤ በግራ ጎረቤትና የፋብሪካ ሰዎች፤ ከኋላ የሄርሞን ጓዶች፣ በካኪያቸው፣ አንድ ሳህን ለሦስት ከበው ይሳሳቃሉ። ክፍሉ የጊታሯን ማጉያ ሰክቶ ዞር ሲል ያየው ነገር ደሙን አፈላው። ክራር መቺው ደበሳይ፣ ለቀኑ ሦስት መቶ ብር የተቀጠረው ደበሳይ፣ ትራስ በተነጠፈበት ወንበር ላይ ተንሰራፍቶ፣ ፊቱ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ጥብስ! ‹ለእሱ ትራስ፣ ለእኔ መሬት› አለ ክፍሉ በልቡ። መንግስትኣብ ነጸላውን ወገቡ ላይ አሥሮ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ በሁለት እጁ የሥጋ ትሪ ተሸክሞ በአጠገቡ ሲያልፍ ቆም አለ። ጊታሯን አየ። ማንገቻውን አየ። «መጡ እርስዎ?» አለው በአማርኛ፤ አለፈም። የሄርሞን ጓዶች ማንገቻውን ያኔ አዩት። አንዷ ታጋይ አፏን ይዛ «ዋእ! ኣያ ክፍሉ ታጠቁ!» ስትል ዳሱ ሳቀ። ክፍሉም ፈገግ አለ፤ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ሙሽሮቹ ገቡ። እልልታው ሸራውን አነሳው። ሄርሞን ቬሎ ለብሳ ስትራመድ ዛሬም ሜዳ ላይ እንዳለች ሰፋ ሰፋ አድርጋ ነው፤ ሚዜዎቿ እየሮጡ ይከተሏታል። ክፍሉ ላይ ስትደርስ ማንገቻዋን አይታ ሳቀች፤ ትከሻውን መታ አድርጋው አለፈች። ከበሮው ተነሳ፤ ደበሳይ ክራሩን ነካ፤ ክፍሉ ገባ። ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ የሐጎስ ብሎን አልተነቃነቀም። ቆሞ መምታት ክፍሉ እንደፈራው አልነበረም፤ እንዲያውም ጊታሯ ሆዱ ላይ ተደግፋ ስትንቀጠቀጥ ድምፁ ከራሱ ውስጥ የሚወጣ መሰለው። የጓይላው ጨፋሪ ክብ ሠርቶ በሙሽሮቹ ዙሪያ መዞር ሲጀምር እሱም ተከተለ፤ የማጉያው ገመድ ረጅም ስለሆነ አላስቸገረውም። የግራ ጫማው ግን ክር ስለሌለው በየእርምጃው ወደ ኋላ ይቀራል፤ እግሩን ጎተት ሲያደርግ የዓዲ ኣበይቶ ሰዎች አዲስ ዓይነት ጭፈራ መስሏቸው ሁለት ጎረምሶች እግራቸውን እየጎተቱ አጀቡት። ክፍሉ ደስ አለው። ንዴቱን ረሳ። ከሙሽሮቹ ፊት ሲደርስ ወገቡን ዝቅ፣ ትከሻውን ከፍ አደረገና ጊታሯን ወዝወዝ አደረጋት፤ የጫማው ክር ጠብ ብሎ ተበጠሰ።

የጊታሯ ራስ ወደቀ። ክፍሉ በጉልበቱና በሆዱ መሀል ቀርቅቦ ያዛት፤ ማጉያው እንደ ተረገጠ ድመት ጮኸ። ከበሮው ቆመ። ደበሳይ ጣቱን ክሩ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ሙሽሮች መሀል እያሉ ጓይላ መቋረጡ ለማንም ደስ አይልም፤ ከዓዲ ኣበይቶ ወገን ማጉረምረም ተሰማ። ክፍሉ አንድ እግሩን አንስቶ፣ ሙሽሮቹ ፊት፣ ሦስት መቶ ሰው ፊት እንደዚያው ቆሞ ቀረ፤ መሬቷ ብትውጠው ይወድ ነበር። አንዲት አሮጊት «ኧረ ወንበር ስጡት፣ የሰው ልጅ!» አሉ። ወንበር ከኋላ ተነስቶ በሰው ራስ ላይ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መጣ። እውነቱን ለመናገር ክፍሉ ያን ወንበር ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወንበሩ መሬት ሊነካ አንድ ክንድ ሲቀረው የመንግስትኣብ ድምፅ መጣ።

«መልሱት ያን ወንበር!»

ትሪውን ለአንዱ አቀብሎ ሰዉን በክርኑ እየከፈለ መጣ። ክፍሉ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ኣያ መንግስትኣብ፣ የላይኛው ማሰሪያ ተበጠሰብኝ'ኮ» አለ፣ የተማሪ ድምፅ በሚመስል ድምፅ። «ለዛሬ ብቻ ብቀመጥ…»

መንግስትኣብ ቆመ። መጀመሪያ ክፍሉን፣ ቀጥሎ ወንበር ያመጣውን ሰው፣ ቀጥሎ ዳሱን ሁሉ አየ። በአማርኛ ነው የተናገረው፤ ለክፍሉ ብሎ፣ ግን በፋብሪካ ድምፁ፣ እስከ መንገዱ እንዲሰማ።

«የቤት ሰው በቤቱ ሰርግ ተቀምጦ የት አይተሃል? እንግዳ ነህ አንተ? ደበሳይ ይቀመጥ፣ ደበሳይን በገንዘብ ነው ያመጣሁት። እኔ ተቀምጫለሁ? ሚስትህ ተቀምጣለች? ልጃችንን ስንድር ልትቀመጥ ነው?»

አስራ ሰባት ዓመት ‹እርስዎ› ሲለው የኖረ ሰው ነው። ክፍሉ ዳሱን አየ። የኣኽበረት አጎቶች ቆመዋል፤ የአክስት ልጆች እንጀራ ተሸክመው ቆመዋል፤ ኣኽበረት ራሷ ወጥ የነካው ጭልፋ ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ ወገናቸው የሆነ አንድ ሰው አልተቀመጠም። የተቀመጠው እንግዳ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ዘመን መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ያ ሁሉ መጀመሪያ የሚቀርብ ሥጋ፣ ያ ሁሉ ሳህን ሲያነሳ የሚቀሙት እጅ! ክብሩስ ክብር ነበር፤ ግን የባዕድ ክብር ነበር፣ ክፍሉም እስከ ዛሬ ጧት ድረስ ደስ ብሎት ሲበላው ኖሯል። የጧቱ የሚስቱ ሳቅ አሁን ገባው። ሊያለቅስ ሆነ፤ በአንድ እግሩ ላይ ስለቆመ ግን ማልቀስ አልተመቸውም።

መንግስትኣብ ከወገቡ ላይ ነጸላውን ፈትቶ አራት እጥፍ አድርጎ ቀኝ ትከሻው ላይ ጣለ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ጎንበስ አለና የጊታሯን ራስ አንስቶ ትከሻው ላይ አሳረፈ፤ አጣና እንደሚሸከም ሰው። «በል ቀጥል» አለ ሳይዞር። «ከበሮ! ምን ቆማችኋል?»

ከበሮው ተነሳ። ሁለቱ ሰዎች፣ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ፣ አንዲት ጊታር በመሀላቸው፣ ጓይላው ውስጥ ገቡ። መንግስትኣብ አጭር ስለሆነ ክፍሉ ጉልበቱን አጥፎ መሄድ ነበረበት። መንግስትኣብ ለዘመድ ሰላምታ ለመስጠት ዞር ባለ ቁጥር ጆሮው የክር ማጥበቂያዋን ይነካና አንዱ ክር ይረግባል፤ ክፍሉ ከኋላ «ኣያ፣ ወደ ፊት ይዩ!» እያለ ይጮኻል፣ መንግስትኣብ «ዝም ብለህ ምታ!» ይለዋል። በሦስተኛው ዙር የማጉያው ገመድ መሀል ላይ ባለው ባሕር ዛፍ ተጠምጥሞ ክፍሉን ከኋላ ያዘው። ቢጎትቱት ዳሱ ሊወርድ ነው። መንግስትኣብ ለአንድ አፍታ አሰበና እጁን አንስቶ ጓይላውን በሙሉ ወደ ኋላ አዞረው። አስመራ ውስጥ ጓይላ ወደዚያ በኩል ዞሮ አያውቅም። አሮጊቶቹ ጮኹ፤ የዓዲ ኣበይቶ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተጋጩ፤ ታጋዮቹ በሳቅ ተንከባለሉ፤ ሄርሞን ቬሎዋን በክንዷ ሰብስባ ወደ ኋላ እየዞረች ጨፈረች። ገመዱ እስኪፈታ ሦስት ዙር ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። የክፍሉ ጫማ መሀል ላይ ቀረ፤ ማንም አላነሳውም። ማንገቻው ያዘ፤ ብሎኑ ያዘ፤ መንግስትኣብም አንዴ እንኳ ትከሻውን አልቀየረም።

ዘፈኑ ሲያልቅ መንግስትኣብ የጊታሯን ራስ ከትከሻው አውርዶ ለክፍሉ መለሰለት። ጆሮው ቀልቷል። ክፍሉ አንድ ቃል ጠበቀ፤ እሱም የሚለው ነገር አዘጋጅቶ ነበር፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ጧቱ፣ ይቅርታም ካስፈለገ። መንግስትኣብ ግን አንገቱን በሰዎቹ ላይ አስግጎ ወደ ዳሱ ጥግ ያይ ነበር። «ያ ጥግ እስካሁን ስዋ አልደረሰውም» አለና ባለ አምስት ሊትር የጠላ ማንቆርቆሪያ እጁ ላይ አስቀመጠለት። «ፍጠን እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ክፍሉ ፈጠነ። አንድ ጫማ አድርጎ፣ ሌላውን እግር በካልሲ፣ ክንዱ እስኪዝል ቀዳ። አንዱ ጥግ ሲያልቅ ሌላው ይጠራዋል፤ እንጀራ አለቀ ብለው እንጀራ ያስይዙታል፣ ውሃ ያስመጡታል፣ ሳህን ያስነሱታል፤ ሊቀማው የሮጠ አንድም ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ ዓይኑን ሊጨፍን ሲል ኣኽበረት ድስት ተሸክማ በጎን አለፈች።

«እግሬ ሞተ፣ ኣኽበረት።»

«ዛሬ ምን አየህ፣ ገና ነገ መልስ አለ» አለችው፤ ማንቆርቆሪያውንም አይታ፣ «ጎድሏል፣ ሙላው» ብላ ሄደች።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ከዓዲ ኣበይቶ የመጡ፣ የሙሽራው አጎት የሆኑ አንድ ሽበታም ሰው ክፍሉ ሲቀዳላቸው እጁን ያዙት። ከአጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር በእግራቸው ሳብ አድርገው «ተቀመጡ እንጂ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎ፣ ደክሞዎታል» አሉት። ክፍሉ ወንበሩን አየው። መደገፊያ አለው፤ ትራስም አለው። ዳሱ ማዶ መንግስትኣብ ትሪ እንደያዘ ቆሞ ወደ እሱ ያያል። ክፍሉ ወንበሩን ጥቂት ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

«የቐንየለይ» አለ በትግርኛ አመስግኖ፤ የሳቀበት ሰው አልነበረም። «ሥራ አለብኝ።»